ለኤፍ ኤም፣ ለዲሽ መስመርና ለጂፒኤስ የትኛው ካፓሲተር ይሻላል? የባይፓስና የዲሲ ብሎክ ንጽጽር ለአዳማ ገዢዎች

አዳማ ውስጥ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ «መቶ ናኖ ካፓሲተር» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣላችሁ «104» የተጻፈበት ባለ ሁለት እግር ሴራሚክ ነው። ለቻርጀር ይሆናል። ለአርዱዊኖ ፕሮጀክትም ይሆናል። ሥራችሁ የኤፍ ኤም ማጉያ፣ የዲሽ መስመር ቡስተር ወይም የጭነት መኪና ጂፒኤስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያ ዕቃ ካፓሲተርነቱን ትቶ እንደ ኮይል ነው የሚሠራው።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲጀምሩ የሚጠይቁትና ፍራንኮ አካባቢ ያሉ ጠጋኞች የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ናኖ ላድርግበት?» እኔ ይህን ሦስተኛ ጥያቄ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ካፓሲተሩ ምን ሥራ ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ቀጥሎ እግሩ፣ ቁመቱና የተሠራበት ሴራሚክ ይመጣል። የናኖ ፋራዱ ቁጥር ከዚያ በኋላ ራሱ ይወጣል።

ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም

ባይፓስ የሚባለው ከፓወር መስመሩ ወደ ግራውንድ የሚገባው ካፓሲተር ነው። ሥራው በፓወር መስመሩ ላይ የሚሄደውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ወደ መሬት ማውረድ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ)። መጠኑ በ20 በመቶ ቢሳሳት ማንም አያውቅም። ትንሽ የውስጥ ሬዚስታንስ ቢኖረው እንኳ አይከፋም፤ ሰርኪዩቱን ያረጋጋዋል።

ዲሲ ብሎክ የሚባለው ደግሞ በሲግናሉ መንገድ ላይ በተከታታይ የሚገባው ነው። ዲሲውን (አቅጣጫ የማይቀይረውን፣ የባትሪ ዓይነቱን ከረንት) ያቆማል፣ ሲግናሉን ያሳልፋል። ሙሉው የሲግናል ከረንት በውስጡ ያልፋል። ስለዚህ የውስጥ ሬዚስታንሱ በቀጥታ ኪሳራ ይሆናል። የመቀበያ መጀመሪያ ማጉያ መግቢያ ላይ ያለ ብሎክ 0.2 ዲሲቤል ቢበላ፣ የመቀበያው የኖይዝ ቁጥር (ራሱ የሚጨምረው ጫጫታ መለኪያ) በዚያው 0.2 ዲሲቤል ይበላሻል። ኋላ ላይ የሚጨመር ምንም ማጉያ ይህን አይመልሰውም።

ከዚህ የሚወጣው የግዢ ሕግ ቀላል ነው። ጥሩ ገንዘብ የሚከፈለው ለብሎኩ ነው። ለባይፓሱ ተራው ይበቃል፣ ነገር ግን ትራንዚስተሩ ሥር ተጠግቶ መበየድ አለበት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ለባይፓሱ ውድ ካፓሲተር ይገዛና ከትራንዚስተሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር አርቆ ያስቀምጠዋል።

ባለ እግሩ ወይስ ኤስኤምዲው?

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ኤስኤምዲ ማለት እግር የሌለው፣ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚበየድ ትንሽ ቺፕ ነው። ማንኛውም ካፓሲተር በውስጡ ትንሽ ኢንዳክታንስ (የኮይል ጸባይ) አለው። ቀጭን ሽቦ በግምት በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ናኖ ሄንሪ ገደማ ይጨምራል። ሁለት እግሮች አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ቢቀሩላቸው ወደ 10 ናኖ ሄንሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ኢንዳክታንስ ከካፓሲተሩ ጋር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሬዞናንስ ይፈጥራል። እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኢምፔዳንሱ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ ኢንዳክታንሱ ያሸንፋል።

ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን አስልቼ አስቀምጫለሁ። እግሩ ሳይቆረጥ የተበየደው 10 ናኖ ሄንሪ፣ እግሩ እስከ ሥሩ ተቆርጦ የተበየደው 4 ናኖ ሄንሪ፣ 0603 የሚባለው ኤስኤምዲ ደግሞ ከቦርዱ መስመር ጋር 1 ናኖ ሄንሪ አለው ብለን እንነሳ። ቁጥሮቹ የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲ ናቸው፣ በሜጋ ኸርዝ።

| መጠን | እግሩ ያልተቆረጠ | እግሩ ያጠረ | 0603 ኤስኤምዲ |
|---|---|---|---|
| 100 ናኖ ፋራድ (104) | 5 | 8 | 16 |
| 10 ናኖ ፋራድ (103) | 16 | 25 | 50 |
| 1 ናኖ ፋራድ (102) | 50 | 80 | 159 |
| 100 ፒኮ ፋራድ (101) | 159 | 252 | 503 |

የ1 ናኖ ፋራዱን ረድፍ እዩት። እግሩን በመቁረጥ ብቻ ከ50 ወደ 80 ሜጋ ኸርዝ ወጣ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ መቁረጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ኤስኤምዲ ያላገኘ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ባለው የአጭር ሞገድ ሥራ፣ እግሩ ያጠረ 10 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ በደንብ ይሠራል። ኤፍ ኤም ላይም እግሩ ያጠረ 1 ናኖ ፋራድ ያስኬዳል። ከ200 ሜጋ ኸርዝ በላይ ግን ባለ እግሩን እርሱት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ 0603 የሆነ 100 ናኖ ፋራድ ሬዞናንሱን አልፏል። ቢሆንም ኢምፔዳንሱ 0.6 ኦም ገደማ ነው። እግሩ ያልተቆረጠ 1 ናኖ ፋራድ በዚያው ቦታ 4.7 ኦም ይሆናል። 0603 የሆነ 1 ናኖ ፋራድ ደግሞ 1 ኦም አካባቢ ነው። ስለዚህ «ትልቁ መጠን ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አይሆንም» የሚለው የቆየ ምክር ለባለ እግሮቹ እንጂ ለኤስኤምዲው እንዳለ አይሠራም። ተመሳሳይ ቁመት ካላቸው ቺፖች መካከል ትልቅ መጠን ያለው ከሬዞናንሱ በላይም ቢሆን ከትንሹ ብዙ አይከፋም። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ 400 ሜጋ ኸርዝና ከዚያ በላይ ስትወጡ ነው። 433 ሜጋ ኸርዝ ላይ 100 ናኖው 2.7 ኦም ሲሆን፣ 100 ፒኮው 1 ኦም ገደማ ይሆናል።

0805፣ 0603 ወይስ 0402?

0805 ማለት 2 በ1.25 ሚሊ ሜትር፣ 0603 ማለት 1.6 በ0.8፣ 0402 ማለት 1 በ0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመቱ ባጠረ ቁጥር ኢንዳክታንሱ ይቀንሳል። ነገር ግን የምትበይዱት በእጅ ነው። 0402ን ያለ ማጉያ መነጽርና ያለ ጥሩ ብየዳ ብረት መያዝ ፈተና ነው። አዳማ ላይ በግንቦት ንፋስ በሩ ክፍት በሆነ ሱቅ ውስጥ ከሆነማ ቺፑን ፍለጋ ወለል ላይ መንበርከክ ይመጣል።

የእኔ ምርጫ 0603 ነው። ለአንድ ጊጋ ኸርዝና ከዚያ በታች ለሆነ ሥራ 0805ም ቢሆን አይጥላችሁም። 0402 የሚያስፈልገው ጂፒኤስ፣ ዋይፋይና የመሳሰሉት ቦርዶች ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ ከመስመሩ ስፋት ጋር መመጣጠኑ ነው። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ የሚበልጥ፣ መበየጃ ጫፎቹ በረጅሙ ጎን ላይ ያሉ ዓይነትም አለ። ኢንዳክታንሱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሥር የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ሥራ ለመፈለግ መድከም አያስፈልግም።

ሲዜሮጂ፣ ኤክስ7አር፣ ዋይ5ቪ

እነዚህ ሦስት ስሞች የሴራሚኩን ዓይነት ይናገራሉ። ሱቅ ውስጥ የሚጠይቃቸው ሰው ጥቂት ነው፣ ለውጤቱ ግን ከመጠኑ ይበልጣሉ።

ሲዜሮጂ፣ በሌላ ስሙ ኤንፒዜሮ፣ በሙቀት አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ለውጡ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 30 አይበልጥም። ቮልት ሲጫነው መጠኑ አይቀንስም። ሲያረጅም አይወርድም። ኪሳራው በጣም ትንሽ ነው። ለብሎክ፣ ለፊልተርና ለኦሲሌተር (ፍሪኩዌንሲ አመንጪ) ምርጫው ይህ ነው፣ ሌላ አልመክርም። ድክመቱ በትንሽ አካል ትልቅ መጠን አለመገኘቱ ነው። በ0603 ከጥቂት ናኖ ፋራድ በላይ በቀላሉ አታገኙም።

ኤክስ7አር ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ ድረስ በፕላስ ማይነስ 15 በመቶ ውስጥ ይቆያል። ለባይፓስ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ቮልት ሲጫነው መጠኑ ይወርዳል። አካሉ ባነሰና መጠኑ በተለቀ ቁጥር ይብሳል። የእሱ ዘመድ የሆነው ኤክስ5አር፣ በ0603 የተሠራ 10 ማይክሮ ፋራድ 6.3 ቮልት ከሆነ፣ 5 ቮልት ሲገባበት ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የቮልት ደረጃውን ከሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ እጥፍ አድርጋችሁ ግዙ። ለ12 ቮልት መስመር 25 ሳይሆን 50 ቮልት የተጻፈበትን ውሰዱ፣ የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም። ሌላም ጸባይ አለው፦ ሲነካና ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ቮልት ያመነጫል። ማይክሮፎን ማጉያ ወይም የኦሲሌተር መቆጣጠሪያ መስመር ላይ ስታስቀምጡት ጠረጴዛውን ብትመቱ ድምፁ ይሰማል።

ዋይ5ቪ የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ ነው። በደረጃው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ከመጠኑ እስከ 82 በመቶ እንዲያጣ ተፈቅዷል። አዳማ ላይ ይህ የወረቀት ላይ ነገር አይደለም። ጣሪያ ላይ፣ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ቀትር ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቡስተር ውስጡ ከውጩ አየር በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ጠዋት የሚሠራ፣ ከሰዓት የሚንጫጫ ማጉያ ካያችሁ ባይፓሶቹን ተጠራጠሩ። ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሥራ ዋይ5ቪን አትግዙ። በነጻ ቢሰጣችሁም አትጠቀሙበት።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይለያሉ? ባለ እግሮቹ ላይ አናታቸው ጥቁር የተቀባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤንፒዜሮ ናቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደልም ይረዳል። ጄይ የ5 በመቶ፣ ኬይ የ10 በመቶ፣ ኤም የ20 በመቶ ልዩነት ማለት ነው። ዜድ ካያችሁ ከተጻፈው 80 በመቶ ሊበልጥ ወይም 20 በመቶ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ የርካሾቹ ሴራሚኮች ምልክት ነው። ኤስኤምዲዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልተጻፈባቸውም።

ስለዚህ ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ካፓሲተሩን አስገቡና የሞቀ ብየዳ ብረት ሳታስነኩ አጠገቡ ያዙ። ቁጥሩ ፍንክች ካላለ ሲዜሮጂ ነው። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ኤክስ7አር ሊሆን ይችላል። እያያችሁት ወደ ግማሽና ከዚያ በታች ከወረደ መልሱት። ባለሱቁም አብሮ ቢያይ ደስ ይለዋል፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

ማይላርና ታንታለምስ?

አረንጓዴው ማይላር (የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር) ለድምፅ ጥሩ ነው፤ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ባይፓስ ኢንዳክታንሱ ይበዛል። ታንታለምና ኤሌክትሮላይት ከሴራሚኮቹ ጎን ለታችኛው ፍሪኩዌንሲ ይቀመጣሉ እንጂ አይተኳቸውም። ታንታለም ከገዛችሁ የቮልት ደረጃው ከመስመሩ እጥፍ ይሁን፤ ሲበላሽ ሾርት ሆኖ ይቃጠላል።

አንድ ትልቅ ወይስ ብዙ ትናንሽ?

በየዲያግራሙ 100 ናኖ፣ 1 ናኖ እና 100 ፒኮ ጎን ለጎን ተደርድረው እናያለን። ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። አንድ ምሳሌ ላስላ። 0603 የሆኑ 100 ናኖና 1 ናኖ ጎን ለጎን አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 1 ናኖ ሄንሪ አላቸው። ከ16 ሜጋ ኸርዝ በላይ ትልቁ ኮይል ሆኗል። እስከ 159 ድረስ ትንሹ ገና ካፓሲተር ነው። ኮይልና ካፓሲተር ጎን ለጎን ሲገናኙ ተቃራኒ ሬዞናንስ ይፈጥራሉ፣ ኢምፔዳንሱ ወደ ላይ ይዘላል። በዚህ ምሳሌ የሚዘለው 113 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው።

113 የት እንደሆነ አስቡ። የኤፍ ኤም ባንድ 108 ላይ ያልቃል። ከ108 እስከ 118 ያለው አውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚያገኙበት ነው። በደንብ ያልተባይፓሰ የኤፍ ኤም ማጉያ እዚያ ላይ ኦሲሌት ቢያደርግ (ራሱ ሲግናል ማመንጨት ቢጀምር) ጉዳቱ ከሰርኪዩታችሁ ያልፋል። ስለዚህ የሙከራ ማጉያ በ50 ኦም የውሸት ጭነት (በአንቴና ፋንታ በሚታሰር ሬዚስተር) ላይ ብቻ ይሞከር፣ አንቴና አይታሰርበት። አየር ላይ ለመውጣት ፈቃድ ግዴታ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቺፖች ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ኢንዳክታንሱ ይካፈላል፣ ዝላይ አይመጣም። ሁለተኛው የመጠኑን ልዩነት ማጥበብና ትልቁን ኤክስ7አር ማድረግ ነው። የኤክስ7አር የውስጥ ሬዚስታንስ ዝላዩን ያለዝበዋል። ርካሹ ሴራሚክ ከውዱ የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው።

ትንንሾቹ በትክክል የሚያስፈልጉበት ሥራም አለ። አዳማ በጅቡቲ መስመር ላይ ናት፣ የጭነት መኪና ጂፒኤስ የሚጠግኑ ልጆች ይህን በየጊዜው ያዩታል። ትራከሩ ውስጥ ያለው የጂኤስኤም (የሞባይል ኔትወርክ) ሞጁል ፓወር እግር ላይ ብዙ ጊዜ አንድ 100 ማይክሮ፣ ከጎኑ ደግሞ 33 ፒኮና 10 ፒኮ ይታያሉ። 33 ፒኮው ሬዞናንሱ ወደ 900 ሜጋ ኸርዝ ይጠጋል፣ 10 ፒኮው ወደ 1800። ሁለቱም የጂኤስኤም ባንዶች ናቸው። ትልቁ 100 ማይክሮ ደግሞ ሞጁሉ በሚልክባት ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ስለሚስብ ነው። ቅጽበቷ 577 ማይክሮ ሰከንድ ናት፣ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ ትደጋገማለች። ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከር ላይ የሚሰማው ድር ድር የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እነዚያን ሁለት ጥቃቅን ቺፖች «ምን ይጠቅማሉ» ብሎ የዘለለ ጥገና፣ መኪናው ሎጊያ ሳይደርስ ትራከሩ ይጠፋል።

ለብሎክ መጠኑን ማውጣት

የሚያስፈልገው ስሌት አጭር ነው። 159,000ን ለሜጋ ኸርዙና ለፒኮ ፋራዱ ብዜት አካፍሉ (1 ናኖ 1000 ፒኮ ነው)። የሚወጣው በኦም ነው። ለ50 ኦም መስመር፣ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ውጤቱ ከ5 ኦም በታች ከሆነ ይበቃል።

ለኤፍ ኤም ከ88 ሜጋ ኸርዝ እንነሳ። 470 ፒኮ 3.8 ኦም ይሰጣል፣ 1 ናኖ 1.8 ኦም። ሁለቱም ይሆናሉ። ለ7 ሜጋ ኸርዝ አጭር ሞገድ 10 ናኖ 2.3 ኦም ይሰጣል። ለጂፒኤስ፣ 1575 ሜጋ ኸርዝ ላይ፣ 47 ፒኮ 2.1 ኦም ነው፣ ይበቃል።

«እንግዲያው ሁሉም ቦታ ትልቁን ላድርግ» የሚል ካለ የዲሽ መስመሩ ጥሩ መልስ አለው። ከኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ካለው መቀበያ ጭንቅላት) የሚመጣው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋ ኸርዝ ነው። በዚያው ገመድ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት ይወጣል፣ በላዩም 22 ኪሎ ኸርዝ የባንድ መቀየሪያ ቶን አለ። ብሎኩን 100 ፒኮ ብታደርጉት ለሲግናሉ 1.7 ኦም ነው። ለ22 ኪሎ ኸርዙ ግን ከ72 ሺህ ኦም በላይ ይሆንበታል፣ ስለዚህ አያልፍም። 100 ናኖ ብታደርጉት ለቶኑ 72 ኦም ብቻ ይሆናል። ገመዱ ራሱ 75 ኦም ነው። ቶኑ ወደማይፈለግበት መስመር ይገባና ሁለት ሪሲቨር ባለበት ቤት ቻናል ይጠፋል። እዚህ ላይ 100 ፒኮ ሲዜሮጂ፣ 50 ቮልት፣ 0603 ግዙና ተገላገሉ።

ጂፒኤስ አንቴና ላይም እንዲሁ ነው። አንቴናው ውስጥ ማጉያ ስላለ ከ3 እስከ 5 ቮልት በገመዱ ይሄዳል። ቮልቱ በኮይል ይገባል፣ ብሎኩ ደግሞ መቀበያውን ይጠብቃል። የኮይሉ ፓወር በሚገባበት በኩል ያለው ባይፓስ ኤክስ7አር ቢሆን ምንም አይደለም። ብሎኩ ግን ሲዜሮጂ ይሁን።

ዋት ሲመጣ

እስከ ጥቂት ዋት ድረስ ተራው ሲዜሮጂ ይበቃል። 100 ዋት በ50 ኦም ላይ 1.4 አምፒር ነው፣ ጫፉ 100 ቮልት። አንቴናው ቢቋረጥ ቮልቱ ወደ እጥፍ ይወጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ 250 ቮልት፣ ይሻላል ከተባለ 500 ቮልት ያስፈልጋል። የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.5 ኦም የሆነ ካፓሲተር እዚህ 1 ዋት ይበላል። ሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ ላይ 1 ዋት ማለት ሶልደሩ ቀልጦ መውደቅ ነው። 0.05 ኦም ከሆነ 0.1 ዋት ብቻ ነው፣ ለብ ይላል እንጂ አይጎዳም።

ለዚህ ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው የሬዲዮ ፓወር ፖርሴሊን ቺፕ ነው፤ ኤቲሲ 100ቢ በሚል የሚታወቀው ዓይነት፣ ዛሬ በኪዮሴራ ኤቪኤክስ ስም የሚሠራው። ምርጡ እሱ ነው፣ ዋጋውም ከተራው ብዙ እጥፍ ነው። ሁለተኛው ሲልቨር ማይካ ነው። በአጭር ሞገድ ላይ በጣም ጥሩ ነው፤ እግር ስላለው ወደ ላይ ስትወጡ ይደክማል። ሦስተኛው ሁለት ወይም ሦስት 500 ቮልት ሲዜሮጂ ጎን ለጎን ማድረግ ነው። ከረንቱ ይካፈላል። ለ30 እና 50 ዋት ሥራ እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፖርሴሊኑን ግዙ፣ ትራንዚስተሩ ከሱ ይበልጥ ውድ ነው።

ፍሪኩዌንሲው ከአንድ ጊጋ በላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቺፑን በጎኑ አቁሞ፣ ማለትም የውስጥ ንጣፎቹ ለቦርዱ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርጎ መበየድ፣ በብሎክ ላይ የሚታየውን የመጀመሪያ ጉድጓድ (ሲግናሉ ድንገት የሚዳከምበትን ፍሪኩዌንሲ) ወደ ላይ ይገፋዋል። ገንዘብ አያስወጣም።

ከየት ይገዛ?

አዳማ ውስጥ ባለ እግሮቹ ይገኛሉ። ኤስኤምዲ በዓይነትና በቮልት ተለይቶ መግዛት ግን ይከብዳል። ብዙ ሰው መርካቶ ይሄዳል። እዚያም ቢሆን «ኤክስ7አር» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የሙራታ፣ የቲዲኬ፣ የሳምሰንግ፣ የያጌዮ ወይም የኬሜት ከሆነ ሙሉ የዕቃ ቁጥሩ አለ፣ ከእሱ ሴራሚኩን፣ ቮልቱንና ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል። ሙራታ ሲምሰርፊንግ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው። ቁጥሩን ስታስገቡ ኢምፔዳንሱን በየፍሪኩዌንሲው፣ ቮልት ሲጫነውም ምን ያህል እንደሚወርድ በግራፍ ያሳያል። ከመግዛታችሁ በፊት በስልክ እዩት። ወረቀት የሌለው ልቅ ቺፕ ለባይፓስ እንጂ ለብሎክ አትግዙ።

ከአሮጌ ቦርድ መንቀል በበኩሌ የምወደው መንገድ ነው። የድሮ ቲቪ ቲዩነር ቆርቆሮ ሳጥን ግድግዳ ላይ የተበየዱ፣ ሽቦ በመሃላቸው የሚያልፍ ካፓሲተሮች አሉ። አብዛኞቹ 1 ናኖ አካባቢ ናቸው። ፓወር ወደ ቆርቆሮ ሳጥን ለማስገባት ከእነሱ የተሻለ ባይፓስ በሱቅ አታገኙም። የተበላሸ ኤልኤንቢና ሪሲቨርም ጥሩ ሲዜሮጂ አላቸው። ስትነቅሉ በሁለት ብየዳ ብረት ከሁለቱም ጫፍ እኩል አሙቁ። በአንድ ጎን ብቻ አሙቆ መፈንቀል ቺፑን ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም ከወር በኋላ ሾርት ይሆናል። ኤሌክትሮላይቶቹን ግን ከአሮጌ ቦርድ አትንቀሉ፣ ደርቀዋል።

ናኖ ቪኤንኤ (በየፍሪኩዌንሲው የሚያልፈውን ሲግናል የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ያለው ጓደኛ ካላችሁ መፈተን ቀላል ነው። ካፓሲተሩን ከመስመሩ ወደ ግራውንድ አድርጉና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያልፈውን እዩ። ጉድጓዱ ያለበት ሬዞናንሱ ነው። ጉድጓዱ 40 ዲሲቤል ከወረደ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.25 ኦም ገደማ ነው። ተራው ካፓሲተር የሚለካው ቴስተር ይህን አያሳይም፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚለካ እግሩ ረዥምም ይሁን አጭር አንድ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ።

እኔ ብሆን የምገዛው

ከመጨረሻው በቀር ሁሉም በ0603። 100 ናኖ ኤክስ7አር 50 ቮልት፣ ብዙ። 10 ናኖ ኤክስ7አር፣ ጥቂት። 1 ናኖ፣ 470 ፒኮ፣ 100 ፒኮ፣ 47 ፒኮና 33 ፒኮ፣ አምስቱም ሲዜሮጂ። በላያቸው 10 ማይክሮ ኤክስ5አር 25 ቮልት ከ0805 በሚተልቀው በ1206 አካል፣ ለፓወር መግቢያ። ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ 100 ናኖውንና 100 ፒኮውን ውሰዱ፣ በሁለቱ ብቻ የኤፍ ኤም መቀበያም የዲሽ መስመር ቡስተርም ሊሠራ ይችላል። ለኤፍ ኤሙ ብሎክ 100 ፒኮዎቹን አራት አምስት አድርጋችሁ ጎን ለጎን በይዷቸው።

እያንዳንዱን ዓይነት በየራሱ ትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርጉና መጠኑን፣ ሴራሚኩንና ቮልቱን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አንዴ ከተደባለቁ በዓይን የሚለያቸው የለም፣ ሲዜሮጂውን ከኤክስ7አሩ ለመለየት እያንዳንዱን በብየዳ ብረት ማሞቅ ሊኖርባችሁ ነው።